ስኪ ስትቀርጹ ድፍረታችሁን ለፊልሙ አውሉት

እዚህ ዴንቨር ውስጥ ካሜራ ይዘው ተራራ የሚወጡ የሐበሻ ልጆች አሉ። ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «ፊልሜ ከሰው ፊልም እንዳይመሳሰል ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ግን መልሱንም አብረው ይዘው ይመጣሉ። ከፍ ያለ ገደል፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት፣ ለመዝለል ፈቃደኛ የሆነ ጓደኛ።

እኔ በብርዱ ወራት ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን፣ እቀርጻለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ። በሙቀቱ ወራት ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ የሐበሻ ሰርግ እቀርጻለሁ። ከሁለቱም የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

ስኪ ፊልም ላይ ሁለት ዓይነት አደጋ አለ። አንደኛው ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ሁለተኛው ፊልሙ ላይ የሚደርስ ነው፤ ሐሳቡ ላይሠራ ይችላል፣ ተመልካች ላይወደው ይችላል፣ ስፖንሰሩ ሊከፋው ይችላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይፈራና የመጀመሪያውን ይጨምራል። ጓደኛው ከገደል ይዘላል፤ ፊልሙ ግን አምና ካየነው ጋር አንድ ነው። እኔ ደግሞ ተንሸራታቹ በሰላም ቤቱ ገብቶ ፊልሙ ያልተሞከረ ነገር ሲሞክር ማየት እፈልጋለሁ።

የተለመደውን በደንብ እዩት

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ያዙና የስኪ ፊልሞችን እያያችሁ የሚደጋገመውን ጻፉ። ወረቀቱ ቶሎ ይሞላል። ሄሊኮፕተር ሰዎችን ጫፍ ላይ ያወርዳል። ተንሸራታቹ ጓንቱን ያጠብቃል። ድሮን ከላይ ይከተላል። ለስላሳ በረዶ በስሎው ሞሽን ይበተናል። ገደል ይዘለላል። ሰው እንዲስቅ አንድ ሁለት አወዳደቅ ይገባል። ከዚያ ሌላ ዘፈን፣ ሌላ አገር፣ እንደገና ሄሊኮፕተር።

ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም። ዋረን ሚለር ከ1950 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በየዓመቱ ፊልም እየሠራ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ራሱ እየተረከ ያሳይ ነበር። ለብዙ አሜሪካዊ የሱ ፊልም መጣ ማለት የበረዶው ወቅት መጣ ማለት ነበር። በዚያን ጊዜ ካሜራ ተሸክሞ በዚህ ሙያ እኖራለሁ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1988 ደግሞ ግሬግ ስተምፕ የሚባል ፊልም ሠሪ ግሌን ፕሌክን፣ ስኮት ሽሚትንና ማይክ ሃትረፕን የሚባሉ ተንሸራታቾችን ይዞ ፈረንሳይ፣ ሻሞኒ ገባ። ፕሌክ ፀጉሩን መሃል ላይ ብቻ ትቶ ቀጥ አድርጎ ያቆመ ልጅ ነው። ሙዚቃው የዘመኑ የዳንስ ቤት ሙዚቃ ነበር። ተንሸራታቾቹ የራሳቸው ጠባይና አነጋገር ያላቸው ሰዎች ሆነው ታዩ። በ1995 የጆንስ ወንድማማቾች ከጓደኞቻቸው ጋር ዋዮሚንግ፣ ጃክሰን ሆል ውስጥ ቲቶን ግራቪቲ ሪሰርች የሚባለውን የፊልም ድርጅት ሲመሠርቱ የአላስካ ትልልቅ ተራሮች የፊልሙ ዋና መድረክ እየሆኑ መጡ።

እንግዲህ ዛሬ ወረቀታችሁ ላይ «የተለመደ» ብላችሁ የጻፋችሁት ሁሉ አንድ ቀን የደፋር ሰው ሥራ ነበር። ሌላው ቀዳው፣ ያንንም ሌላው ቀዳው። ስለዚህ ከሁሉም መሸሽ የለባችሁም። አንድ ወይም ሁለት ነገር ምረጡና እነሱን ብቻ ለውጡ። ሄሊኮፕተሩን አውጡት። ወይም ፊልሙን በሙሉ በአንድ ተራራ ላይ ጨርሱ። ወይም ዘፈን አታስገቡ። ሁሉንም በአንዴ ከለወጣችሁ ተመልካቹ ምኑን ይዞ እንደሚከተላችሁ አያውቅም።

ገጹን ለሁለት ክፈሉት

ሐሳባችሁን ስትጽፉ ገጹን መሃል ለመሃል አስምሩት። በግራ በኩል ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጻፉ። የቁልቁለቱ ዲግሪ፣ የበረዶ ናዳ፣ በረዶ የሸፈነው ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ፍጥነት፣ ብርድ። በቀኝ በኩል ፊልሙ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጻፉ። አይገባቸው ይሆናል፣ ይረዝም ይሆናል፣ ብርሃኑ አይበቃ ይሆናል፣ ይሰለች ይሆናል። ከዚያ ገጹን ከሩቅ እዩት። ግራው ሞልቶ ቀኙ ባዶ ከሆነ ሐሳባችሁ ገና አልተወለደም። ሌላ ሐሳብ ፈልጉ።

ቀኙ የሞላ ፊልም ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በ2011 ሼርፓስ ሲኒማ የሚባሉ ካናዳውያን ስለ ተራራና ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድ ፊልም አወጡ። ሰው ትልቅ ተራራ ሲጠብቅ ጄ.ፒ. ኦክሌር የሚባል ተንሸራታች በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትንንሽ ከተሞች መንገድ ላይ ብቅ ይላል። በቤቶች መካከል ያልፋል፣ አጥር ይሻገራል፣ መኪና ዳር በተከመረ በቆሸሸ በረዶ ላይ ይሄዳል። በርግጥ ከተማም ይሰብራል፤ ኮንክሪት ለማንም አይራራም። ቢሆንም ትልቁ ድፍረት በቀኝ በኩል ነበር። ለስላሳ በረዶ ሊያይ ለመጣ ሰው የከተማ ጓሮ ማሳየት ማለት ነው። ኦክሌር በ2014 ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በበረዶ ናዳ ሕይወቱ አለፈ። እኔ በማውቃቸው ተንሸራታቾች መካከል ስሙ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ያ የከተማ መንገድ ነው።

ሼን ማኮንኪ የሚባለው ተንሸራታች ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። የልጆች ክብ የፕላስቲክ ሸርተቴ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል የሚወርድ ሳውሰር ቦይ የሚባል አስቂኝ ገጸ ባሕርይ ፈጥሯል። ሰው እስከ ዛሬ ይወደዋል። ይኸው ማኮንኪ ግን በስኪ ራሱን ከገደል ወርውሮ በፓራሹት የሚያርፍም ሰው ነበር። በመጋቢት 2009 ጣሊያን፣ ዶሎማይትስ ላይ ፊልም እየተቀረጸ በዚሁ ሞተ። የሱ ፈጠራና የሱ አደጋ አንዳንዴ አንድ ነበሩ፤ ማንም ሊለያቸው አይችልም። እሱ ለራሱ ወስኗል። ካሜራ የያዘ ሰው ግን ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ መወሰን አይችልም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ካሜራው ሲከፈት ሰው ይለወጣል

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ካሜራ ሲኖር ሰው ብቻውን ቢሆን የማይሞክረውን ይሞክራል። ተንሸራታቹ «አይሆንም» ማለት ያፍራል። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ለሄሊኮፕተሩ ሰዓት ተከፍሏል። ከጠዋት ጀምሮ በእግር ወጥታችኋል። ሌላ ቡድን ከጎን ሊቀድማችሁ ነው። አንዳቸውም ስለ በረዶው ምንም አይናገሩም፤ ሁሉም ግን «እሺ ይሁን» ያሰኛሉ።

ስለዚህ ውሳኔው ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ይለቅ። ጠዋት ቤት ሳላችሁ የናዳ ትንበያውን አንብቡ። ኮሎራዶ ውስጥ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ያወጣል። መለኪያው አምስት ደረጃ አለው። ብዙ ሰው አራትና አምስትን ይፈራል፣ ሦስትን ይንቃል። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን ሦስት በሆነበት ቀን ነው፤ ሰው ወደ ተራራው የሚወጣው ያን ቀን ነውና። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። አሳዛኙ ነገር ለፊልም የሚያምረውም እሱው ቁልቁለት ነው። ትንበያው መጥፎ ሲሆን ከ30 ዲግሪ በታች የሚቀረጽ ሐሳብ አስቀድማችሁ በኪሳችሁ ይኑር። ያ ሐሳብ ከሌላችሁ ቀኑን ላለማባከን ስትሉ ወደ አደገኛው ትሄዳላችሁ።

ሁሉም ሰው የናዳ መፈለጊያ ሬዲዮ፣ አካፋና መውጊያ ዘንግ ይያዝ። ሁሉም ስል ካሜራ የያዘውም ማለቴ ነው። አጠቃቀሙንም ይማር። ናዳ የቀበረውን ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ማውጣት ከተቻለ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። ከከተማ እርዳታ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ አጠገቡ ያላችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የምትቆሙበትን ቦታም አስቡ። ምርጡ እይታ ብዙ ጊዜ ከሥር ነው፤ ናዳውም የሚመጣው ወደዚያው ነው። ከጎን ካለ ሸንተረር ላይ ረጅም ሌንስ ተጠቀሙ። ላቭላንድ ፓስ የሚባለውን የኮሎራዶ ተራራ መተላለፊያ የመሰለ ቦታ ደግሞ ያታልላል። 3,655 ሜትር ላይ ነው፤ መኪና ጫፉ ድረስ ይወስዳችኋል። አስፋልት ዳር ስለሆነ ግን ተራራው አልተገራም፤ ትንበያው እዚያም ይሠራል።

ንግግራችሁንም አስተካክሉ። በሬዲዮ የሚቆጥረው ተንሸራታቹ ነው፤ ቀራጩ «ዝግጁ ነኝ» ይላል እንጂ «ውረድ» አይልም። ማንም ሰው አንድ ጊዜ «አይ» ካለ አለቀ፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ ማታም እራት ላይ አይነሳም። «አንዴ ድገመው» የምትል ቃል ከአፋችሁ አትውጣ። የፈለጋችሁትን ሾት ካገኛችሁ «አግኝቻለሁ» በሉ፣ ይበቃል። መድገም የፈለገ ተንሸራታች ራሱ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቀለበቱ

ሰርግ ላይ ቀለበቱ ሲደረግ ካመለጣችሁ ማንም ይቅር አይላችሁም። እናትየው ስታለቅስ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ እነዚህ መያዝ አለባቸው። ከተያዙ በኋላ ግን ነፃ ነኝ። ጓዳ ገብቼ ዶሮ ወጥ የሚያወጡትን እናቶች እቀርጻለሁ፣ ደጅ ሲጋራ የሚያጨሱትን አጎቶች እቀርጻለሁ። የሰርጉ ባለቤቶች በኋላ ደጋግመው የሚያዩት ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ስኪ ላይም እንደዚሁ አደርጋለሁ። ስፖንሰሩ የግድ የሚፈልጋቸውን ሾቶች ጠዋት፣ ብርሃኑ ሲያምር፣ ሰውም ሳይደክም እጨርሳለሁ። ልብሱ ይታያል፣ ስኪው ይታያል፣ አንድ ጥሩ መታጠፍ ይታያል። ከዚያ የቀረው ሰዓት የሙከራ ነው። ወቅቱን በሙሉ ስታስቡ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። እንግዳ የሆነውን ሐሳብ በረዶው እንደጀመረ ሞክሩት። አይሠራም ከተባለ ለማስተካከል ወራት አላችሁ። ወቅቱ መጨረሻ ላይ ሁሉም ደክሞታል፣ ገንዘቡም አልቋል፤ ያን ጊዜ ማንም አይደፍርም።

ርካሽ ቦታ ላይ ሞክሩት

ሩቢ ሂል የሚባለው የዴንቨር ፓርክ ውስጥ በብርዱ ወራት ነፃ የስኪና የስኖውቦርድ ቦታ ይከፈታል። ቁልቁለቱ ትንሽ ነው። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሐሳባችሁን እዚያ በስልካችሁ ቅረጹት። በስልክ፣ በትንሽ ቁልቁለት ላይ ምንም ስሜት ካልሰጠ ትልቅ ተራራ ላይ በውድ ካሜራም አይሰጥም።

የማታ ብርሃን ለመሞከርም ይሆናል። በ2014 ስዊትግራስ ፕሮዳክሽንስ የሠራው የማታ ስኪ ፊልም ብዙ ሰው አስደንቋል። አላስካና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ተራራውን በባለቀለም መብራት አጥለቀለቁት፤ ለተንሸራታቾቹም መብራት የተገጠመበት ልብስ አለበሷቸው። እናንተ ያን ያህል መብራት አያስፈልጋችሁም። ሁለት በባትሪ የሚሠሩ መብራቶች ይበቃሉ። መብራቱን ከካሜራው ጎን ካደረጋችሁት በረዶው ነጭ ግድግዳ ይሆናል፣ ቅርጹ ይጠፋል። ከተንሸራታቹ ጀርባ ስታደርጉት የሚበተነው በረዶ ያበራል። ከተንሸራታቹ ጎን ስታደርጉት የመሬቱ እብጠትና ጉድጓድ ይታያል።

የካሜራ ነገር በአጭሩ። ነጭ በረዶ የካሜራውን መለኪያ ያሳስተዋል፣ ምስሉ ግራጫ ይሆናል፤ ብርሃኑን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን ደረጃ) ከፍ አድርጉ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፣ ደረት ኪስ ውስጥ ያዙት። ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራውን ከተዘጋ ቦርሳ ውስጥ አታውጡ፣ ላብ ይይዘዋል። ሰማዩ ሲደመን ዛፍ ወዳለበት ሂዱ፤ ሜዳው ላይ ምንም አይታይም። ድሮን በሕግ ተከልሎ በተጠበቀ የዱር አካባቢ ማስነሳት ክልክል ነው፤ ስኪ ቦታዎችም የራሳቸው ደንብ ስላላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኤዲት ስታደርጉ

እኔ ኤዲቲንግ ላይ ድፍረት ማለት ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ውብ ሆኖ ምንም የማይጨምር ሾት አለ። እሱን ማውጣት ያማል፣ አውጡት።

ስሎው ሞሽን ላይ ተጠንቀቁ። በሰከንድ 120 ፍሬም ቀርጻችሁ በ24 ስታሳዩት አምስት እጥፍ ይዘገያል። ያምራል። ግን ፍጥነቱን ይገድለዋል፤ ፍጥነት ደግሞ የስኪ ነፍሱ ነው። አንድ ሙሉ ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ሳትቆርጡ አሳዩ። ተመልካቹ ከተንሸራታቹ ጋር ይተነፍሳል።

እማዬ በረዶ ያየችው እዚህ መጥታ ነው። ሥራዬን ሳሳያት ስለ ዝላዩ ምንም አትልም። «ወዴት ነው የሚሄደው? ማን ነው ታች የሚጠብቀው?» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ተራራውን በሙሉ አስቀድሜ አሳያለሁ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ። ታች የቆመውን ጓደኛም አሳያለሁ። ስኪ የሚያውቅ ሰውም ይህን ይፈልጋል፤ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም እንጂ።

ድምፅን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የካሜራው ማይክ ነፋስ ብቻ ነው የሚቀዳው። ትንሽ መቅጃ ተንሸራታቹ ጃኬት ውስጥ አስገቡ። የስኪው ጠርዝ ጠንካራ በረዶ ሲፍቅ፣ ትንፋሹ፣ ለራሱ የሚያወራው ነገር፣ ይህ ሁሉ ከማንም ዘፈን ይበልጣል። የዘፈን ፈቃድ ደግሞ ውድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ያስገባችሁት ዘፈን ፊልማችሁን ከኢንተርኔት ያስነሳዋል።

ክራር ላስገባ ወይ የሚሉኝም አሉ። አስገቡ፣ ግን ምክንያት ይኑራችሁ። ሐበሻ ስለሆናችሁ ብቻ የገባ ክራር ሌላው ሰው ከሚያስገባው ዘፈን አይለይም። ተንሸራታቹ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ሜዳ ሲያቋርጥ የትዝታ ቅኝት የሚሰጠው ስሜት አለ። እዚያ ቦታውን ያገኛል። ገደል ዝላይ ላይ ግን ይባክናል።

ስፖንሰሩን ስታናግሩ

ሐሳብ በአፍ አትሽጡ። ሩቢ ሂል ላይ የቀረጻችሁትን አጭር ክሊፕ አሳዩ። ከሱ ጋር «እነዚህ ሾቶች በማንኛውም ሁኔታ ይደርሷችኋል» የሚል ዝርዝር ስጡ። የሰው ገንዘብ ነው፣ መፍራታቸው ትክክል ነው። ከተቻለ ደግሞ ሐሳባችሁን የሚፈልገውን ድርጅት ፈልጉ። ያ የማታ ፊልም ገንዘቡን ያገኘው ፊሊፕስ ከሚሸጠው ቴሌቪዥን ነው። ቀለምና ብርሃን ለሚሸጥ ድርጅት ቀለምና ብርሃን ይዘውለት ሄዱ። አንድ ድርጅት ያልገባውን ሐሳብ ሌላው ሲጠብቀው ሊገኝ ይችላል።

ሁሉም ፊልም ድፍረት አይፈልግም። የልጆች የስኪ ክለብ ፊልም ላይ እያንዳንዱ ልጅ ፊቱ ይታይ፣ ወላጅ ደስ ይበለው፣ በቃ። ለሞተ ጓደኛ መታሰቢያ ስትሠሩም እንደዚያው። እዚያ የእናንተ ብልሃት አያስፈልግም።

ለልምምድ ግን አንድ ነገር ልስጣችሁ። ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር፣ ሁለቱም ጊዜ 15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ነው የተወዳደረው። እዚህ ስፖርት ውስጥ ገደል የለም። ዳገት አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ ክንድ አለ። የሚያቃጥል ሳምባ አለ። ለቀራጭ ከባድ ፈተና ነው፤ የምትደገፉበት ዝላይ የላችሁም።

እንግዲህ አገር አቋራጭ የሚሄድ አንድ ሰው ፈልጉና የሦስት ደቂቃ ፊልም ሥሩለት። ድሮን አይግባ፣ ስሎው ሞሽን አይግባ። ድምፁን ለብቻ ቅዱ። አንዱ ሾት ሳይቆረጥ ቢያንስ አርባ ሰከንድ ይቆይ። ከዴንቨር ለምትነሱ ፍሪስኮ ከተማ ያለው የኖርዲክ፣ ማለትም የአገር አቋራጭ ስኪ፣ ማዕከል ይመቻል። ለመቅረጽ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ የሚሄዱበትን የተሠራ መስመር በእግር አትርገጡ፣ ጠዋት ጎማው የኮሎራዶን የክረምት ሕግ የሚያሟላ መኪና ይዛችሁ ውጡ።